ገጽ እየቆጠረ የኖረ ደራሲ፦ ደመወዝ የሌለው ሰው ግቡን በምን ይይዛል?

በግላቸው የሚሠሩ ሰዎች ስለ ዓመቱ ዕቅዳቸው ሲያወሩ ብዙ ጊዜ የሚሰማው የብር መጠን ነው። «ዘንድሮ በወር ይህን ያህል ማግኘት አለብኝ» ይላሉ። ግቡ ግልጽ ይመስላል። ችግሩ ብሩ በሠሪው እጅ አለመሆኑ ነው። ደንበኛው ክፍያ ሲያዘገይ፣ የተጀመረ ሥራ ሲሰረዝ፣ ምንዛሬው ሲለወጥ ግቡም አብሮ ይናጋል።

ቅርብ ጊዜ ያየነው ምሳሌ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚከፈለው ዲዛይነር አንዲት ሥራ ሳይጨምር የዓመቱን የብር ግቡን መታ። በብር የሚከፈለው ተርጓሚ ደግሞ ያንኑ ያህል እየሠራ፣ ያንኑ ብር እያገኘ ኑሮ ከበደው። አንዱ አልጎበዘም፣ ሌላውም አልሰነፈም። የብሩ ቁጥር ስለ ሥራቸው የነገራቸው ምንም ነገር የለም።

ታዲያ ግቡ በምን ይለካ? ለዚህ ጥያቄ ከማውቃቸው መልሶች ሁሉ የተሟላው የአንቶኒ ትሮሎፕ ነው። ትሮሎፕ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ እንግሊዛዊ ደራሲ ነው። 47 ልብ ወለዶች ጽፏል። ብዙዎቹን የጻፈው የፖስታ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ሳለ ነው። በኋላ ደመወዙን ትቶ በብዕሩ ብቻ ኖሯል። የእሱን ጉዳይ ለጥናት የሚመች የሚያደርገው ሁሉን ነገር መመዝገቡ ነው። ስንት ገጽ እንደጻፈ፣ በምን ያህል ጊዜ እንደጨረሰ፣ በስንት እንደሸጠ ከሞተ በኋላ በ1883 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ ሳይደብቅ አስቀምጦታል። የሥራ መዝገቦቹም ኦክስፎርድ ውስጥ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ስለ ትሮሎፕ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አነሳሱ

ትሮሎፕ በ1815 ለንደን ተወለደ። አባቱ ጠበቃ ነበሩ፤ ሥራው አልሆነላቸውም። እርሻ ሞከሩ፤ እሱም ከሰረ። በ1834 ቤተሰቡ ከአበዳሪዎች ሸሽቶ ቤልጅየም፣ ብሩዥ ከተማ ገባ። ቤቱን ቀጥ አድርገው የያዙት እናቱ ፍራንሲስ ናቸው። እኚህ ሴት የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በ1832፣ ዕድሜያቸው ከ50 ካለፈ በኋላ ነው። ብሩዥ ሳሉ ባላቸውም ሌላው ልጃቸውም በጠና ታመው ነበር። ቤተሰቡ የሚበላው ከእሳቸው ብዕር የሚመጣውን ነው። እያስታመሙ ይጽፉ ነበር። በክፍላቸው ውስጥ የመድኃኒት ጠርሙሱና የቀለም ጠርሙሱ እኩል ቦታ እንደነበራቸው ትሮሎፕ ጽፏል። ስለ ትሮሎፕ ጥንካሬ ሲወራ እናቱ መዘንጋት የለባቸውም ብዬ አምናለሁ። ማለዳ ተነስቶ ቤተሰቡ ሳይነቃ መጻፍን ያየው እሳቸው ዘንድ ነው።

ትሮሎፕ ራሱ በዚያው በ1834፣ በ19 ዓመቱ፣ ለንደን ውስጥ ፖስታ ቤት ተቀጠረ። ደመወዙ በዓመት 90 ፓውንድ ነበር። እያረፈደ የሚገባ፣ ዕዳ የበዛበት ተራ የቢሮ ሠራተኛ ነበር። በ1841 ወደ አየርላንድ ሲዛወር ነው ኑሮው መስመር የያዘው። በ1843 የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ጀመረ።

መጽሐፉ በ1847 ወጣ። ምንም አላስገኘለትም። ሁለተኛው በ375 ቅጂ ታትሞ የተሸጠው 140 ብቻ ነው፤ አሳታሚው በመጽሐፉ ከሰረ። በሦስተኛው 20 ፓውንድ አገኘ። አራተኛው በ1855 ወጣ። ዛሬ ስሙ ሲነሳ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያስገኘለት ግን 9 ፓውንድ ከ8 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ ነው። ለፈጀው ጊዜ ድንጋይ ቢፈልጥ ይሻለው እንደነበር ራሱ ጽፏል።

ከ1843 እስከ 1855 አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ይህ ሰው ግቡን በፓውንድ አስቀምጦ ቢሆን ኖሮ ገና በሁለተኛው መጽሐፍ ብዕሩን ይጥል ነበር። የሚፈርድበትም አይኖርም። ገንዘቡ «ተው ይቅርብህ» እያለው ነበር። በኋላ የፈጠረው የአሠራር ዘዴ ከእነዚያ ዓመታት የተወለደ ይመስለኛል። ገበያው ዝም ሲል ሥራውን የሚያስቀጥል ሌላ ቁጥር ያስፈልገው ነበር።

መዝገቡ

አዲስ መጽሐፍ ሊጀምር ሲል መጀመሪያ መዝገብ ያዘጋጃል። መጽሐፉን ለመጨረስ ለራሱ የሰጠውን ጊዜ በሳምንት በሳምንት ይከፍለዋል። ከዚያ በየቀኑ የጻፈውን የገጽ ብዛት ያሰፍርበታል። አንድ ሁለት ቀን ከሰነፈ ባዶው ቦታ አፍጥጦ ያየዋል። ጉድለቱን እስኪሞላ እረፍት አይሰጠውም። ገጹ የጎደለ ሳምንት ዓይኑን እንደሚቆጠቁጠው፣ ወሩ በሙሉ እንዲያ ቢሆን ደግሞ ልቡ እንደሚያዝን ጽፏል።

የሳምንቱ ግብ በአማካይ 40 ገጽ ነበር። አንዱ ገጽ ከሌላው ስለሚለያይ የእሱ ገጽ 250 ቃል ነው ብሎ ወሰነ። ቃሎቹንም እየቆጠረ ይሄዳል።

እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ሰምቶት ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን እምብዛም አይወራም። ግቡ ቋሚ አልነበረም። ሌላው ሥራ ሲከብድ የሳምንቱን ግብ ዝቅ ያደርገዋል፤ 20 ገጽ ድረስ ወርዶ ያውቃል። ጊዜ ሲኖረው ወይም መጽሐፉ ቶሎ ሲፈለግ ደግሞ ከፍ ያደርገዋል፤ 112 ገጽ የደረሰበት ጊዜ አለ። የሚወስነው ያለበትን ሁኔታ አይቶ ነው። ከወሰነ በኋላ ግን መዝገቡ አይደራደርም።

ይህ ልዩነት ለእኛ ትልቅ ነው። ሳምንቱ ከተበላሸ በኋላ «እንግዲህ 20 ይበቃል» ማለት አንድ ነገር ነው። ሳምንቱ ሳይጀመር «የፋሲካ ሳምንት ነው፣ 20 ይበቃል» ብሎ መነሳት ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ሰውየው በራሱ ላይ ያለው እምነት ይሸረሸራል። በሁለተኛው 20 ገጹን ሲጨርስ ግቡን መትቷል፤ በዓሉንም በሰላም ይውላል። ጥር የሠርግ ወር ነው። መስከረም ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል እንግዳ አይጠፋም። ይህን እያወቅን ለአሥራ ሁለቱም ወር አንድ ዓይነት ግብ ማስቀመጥ ከመነሻው ለመውደቅ መዘጋጀት ነው።

ከንጋቱ 11፡30

በ1859 ትሮሎፕ ከአየርላንድ ተመልሶ ለንደን አጠገብ ዋልታም ክሮስ የሚባል ቦታ ቤት ያዘ። እዚያ በኖረባቸው ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11፡30 ላይ ጠረጴዛው ጋ ይገኛል። የሚቀሰቅሱት የፈረሶቹ ጠባቂ የሆኑ አዛውንት ናቸው። ለዚህ ሥራ በዓመት 5 ፓውንድ ጭማሪ ይከፈላቸዋል። ቡናውን ይዘው ይመጣሉ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን አላረፈዱም። ለስኬቱ ከማንም ይልቅ የእሳቸው ባለዕዳ ሳይሆን እንደማይቀር ትሮሎፕ በግልጽ ጽፏል።

ይህ ቀልድ አይደለም። ብቻውን የሚሠራ ሰው የሚጎድለው አንድ ነገር ቢኖር «የት ደረስክ?» የሚለው ሰው ነው። ትሮሎፕ ግቡን በራሱ ፈቃድ ላይ ብቻ አልጣለውም። ከእሱ ቀድሞ የሚነሳ ሰው ቀጠረ። ቡናው ከመጣ በኋላ ተመልሶ መተኛት ቡናውን ያመጣውን ሽማግሌ ማሳፈር ነው። ሚስቱ ሮዝም በጉዞ ላይ በእርሳስ የሚጽፈውን በቀለም ትገለብጥለት ነበር። የጠንካራ ሰው ታሪክ ተብሎ የሚነገረው ነገር ውስጥ ሌሎች ጠንካራ ሰዎች አሉበት።

መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያህል ትናንት የጻፈውን ያነባል። አነባበቡ የቃሉን ድምፅ በጆሮ እየመዘነ ነው። ከዚያ ሰዓቱን ፊቱ ያስቀምጣል። በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጠብቃል። ሦስቱ ሰዓት ሲያበቃ የዕለቱ ድርሰት ያበቃል። ለብሶ ቁርስ ይበላና ወደ ሌላው ሥራው ይሄዳል።

አሁን ሂሳቡን እንሥራው። ከሦስቱ ሰዓት ግማሽ ሰዓቱ ለንባብ ሲሄድ ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀራል። ይህ አሥር ሩብ ሰዓት ነው። አሥር ጊዜ 250፣ 2,500 ቃል ይሆናል፤ በእሱ ገጽ 10 ገጽ ማለት ነው። የሳምንቱ ግብ ግን 40 ነው። ለ40 ገጽ አራት ጥሩ ማለዳ ይበቃዋል። ሰባት ቀን እያለው ግቡን ያስቀመጠው በአራት ቀን አቅም ነው። የቀሩት ሦስት ቀናት ለጉንፋኑ፣ ለመንገዱ፣ ለእንግዳው፣ አጥብቆ ለሚወደው የቀበሮ አደን ናቸው።

ከመላው ጉዳይ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። አንድ ቀን መብራት ሳይጠፋ፣ ኢንተርኔት ሳይቆራረጥ፣ ስልክ ሳይጮህ 3,000 ቃል የተረጎመ ሰው ያቺን ቀን ይዞ በ30 ያባዛታል። ከዚያ የወሩን ዕቅድ 90,000 ቃል ያደርጋል። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤት ለቅሶ ይሆናል፤ ድንኳን መቀመጥ ግድ ነው። መብራት ግማሽ ቀን ይጠፋል። ወሩ ሳይጋመስ ዕቅዱ ይሞታል። ሰውየው ግን የሚደመድመው «እኔ ዲሲፕሊን የለኝም» ብሎ ነው። ዲሲፕሊን ሳይሆን የጎደለው ክፍት ቀን ነው።

ባቡርና መርከብ

ትሮሎፕ የፖስታ ቤት ተቆጣጣሪ ስለነበር ብዙ ይጓዛል። መንገድ ላይ የቆመውን የፖስታ ሳጥን በብሪታንያ ግዛት ያስጀመረው እሱ ነው፤ በ1852 ጀርሲ ደሴት ላይ። በ1857 የወጣውን ልብ ወለዱን ሲጽፍ ጉልበቱ ላይ የሚያስቀምጠው የመጻፊያ ሰሌዳ አሠራና ባቡር ውስጥ በእርሳስ መጻፍ ጀመረ። ለዚህ መጽሐፍ 100 ፓውንድ ተቀበለ። ለቀጣዩ 250፤ ከእሱ ለሚከተለው 400።

የ400 ፓውንዱን መጽሐፍ የጻፈው በከፊል ባሕር ላይ ነው። በ1858 ፖስታ ቤቱ ስለ ደብዳቤ ማጓጓዝ ስምምነት እንዲደራደር ወደ ግብፅ ላከው። ባሕሩ ተናውጦ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወደ ክፍሉ እየሮጠ አስታውኮ ተመልሶ ይጽፋል። መጽሐፉን ግብፅ ውስጥ ጨረሰ። በማግስቱ አዲስ ልብ ወለድ ጀመረ።

ሌላ ልማድም ነበረው። ልብ ወለድ በመጽሔት በተከታታይ በሚወጣበት በዚያ ዘመን ብዙ ደራሲ የወሩን ክፍል በወሩ ነበር የሚያደርሰው። ትሮሎፕ የመጽሐፉ ማብቂያ ሳይጻፍ የመጀመሪያው ክፍል እንዲወጣ አይወድም። አንድ ጊዜ፣ በ1860 መውጣት የጀመረው ኮርንሂል የተባለው አዲስ መጽሔት 1,000 ፓውንድ ከፍሎ ሲያስቸኩለው፣ ከዚህ ሥርዓቱ ወጣ። በቀረው ጊዜ ግን አዘጋጆች «የት አለ?» እያሉ አልተከታተሉትም።

ከደመወዝ ሲወጣ

በ1864 ትሮሎፕ የፈለገው የሥራ እድገት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቅር አለው። ግን በንዴት አልለቀቀም። ከዚያ ቀደም ከሚስቱ ጋር ተማክሮ አንድ ቁጥር አስቀምጦ ነበር። እስከ 60 ዓመቱ ቢቆይ ያገኝ የነበረውን የጡረታ ገንዘብ የሚያህል ዓመታዊ ገቢ ከቁጠባው ሲኖረው ይለቃል። ከዚያ በፊት አይለቅም። በ1867 ቁጥሩ ሞላ። በ52 ዓመቱ፣ ከ33 ዓመት አገልግሎት በኋላ፣ ያለ ጡረታ ወጣ።

እዚህ ላይ የገንዘብ ግብ ቦታውን አገኘ። በየሳምንቱ የሚጽፈውን በገንዘብ አይለካም። ሥራ መልቀቅን የመሰለ ትልቅ ውሳኔ ሲሆን ግን በገንዘብ ይለካል፤ ቁጥሩም በእጁ የገባ ቁጠባ እንጂ ሊመጣ ይችላል ተብሎ የሚጠበቅ ክፍያ አይደለም። «ሁለት ደንበኛ አግኝቻለሁ፣ ቢሮውን ልልቀቅ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላውቅም።

ከወጣ በኋላ ሁሉም አልሰመረለትም። በዓመት 1,000 ፓውንድ እየተከፈለው ያዘጋጀው መጽሔት አልተሳካም፤ በ1870 አዘጋጅነቱ አበቃ። በ1868 ለፓርላማ ተወዳደረ። የዕድሜ ልክ ምኞቱ ነበር። ገንዘቡን አፍስሶ ተሸነፈ። የመጽሔት ገዢና የምርጫ ድምፅ በሌላ ሰው እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው። ገጾቹ ግን አልቆሙም። በ1871 አውስትራሊያ ያለ ልጁን ለማየት ከሊቨርፑል ወደ ሜልቦርን ሲሄድ ጉዞው ሁለት ወር ገደማ ፈጀ። አንድ ሙሉ ልብ ወለድ መርከቡ ላይ ጻፈ። ስምንት ሳምንት፣ በየሳምንቱ 66 ገጽ፣ በየገጹ 250 ቃል። ሲደመር 132,000 ቃል ነው። ያጎደለው በሕመም አንድ ቀን ብቻ ነው።

መዝገቡ የማያየው ነገር

ትሮሎፕን እወደዋለሁ፤ ግን የዘዴውን ቀዳዳ አለመናገር ለአንባቢ አይጠቅምም። በ1864 መውጣት ለጀመረ አንድ ልብ ወለድ 3,525 ፓውንድ ተከፍሎታል። በ1880 ለታተመ ሌላ የተከፈለው 1,400 ነው። ጽሑፉ አልወረደም፤ ሁለተኛውን ዛሬ ብዙዎች ከምርጦቹ ይቆጥሩታል። የወረደው ዋጋው ነው። በየዓመቱ ገበያው ላይ የእሱ መጽሐፍ ይደራረብ ነበር።

ነገሩ ሳይታወቀው የቀረ አይደለም። በ1867 ፕራግ ውስጥ የሚካሄድ አንድ ልብ ወለድ ያለ ስሙ አሳተመ። ያለ ስሙም ይሸጥ እንደሆን ማየት ፈልጎ ነው። መጽሐፉ ብዙ አልሸጠም። አንድ ሃያሲ ግን ከአጻጻፉ ለይቶት የማን ሥራ እንደሆነ ተናገረ።

መዝገቡ ስንት ገጽ እንደተሠራ ይናገራል። የትኛውን ሥራ መውሰድ እንደሚገባ፣ ዋጋው መቼ መጨመር እንዳለበት አይናገርም። በግሉ የሚሠራ ሰው ሳምንታዊ ግቡን እየመታ በርካሽ ዋጋ ሊያረጅ ይችላል። ብዙ ተርጓሚ ከጓደኞቼ መካከል አምስት ዓመት በዚያው በቃል ዋጋ ሲሠራ አያለሁ፤ በሥራ ስለተወጠረ ዋጋውን ለማንሳት ጊዜ የለውም። ስለዚህ የዋጋ ጉዳይ ከሳምንቱ መዝገብ ተለይቶ የራሱ ቀን ያስፈልገዋል። በስድስት ወር አንዴ፣ ማን ምን ያህል ከፈለ፣ ማን ዘገየ፣ ማንን መተው ይሻላል ብሎ መቀመጥ ነው። ሁለቱን መደባለቅ ግን አይገባም። በየሳምንቱ ዋጋ የሚያስብ ሰው ገጹን አይሞላም።

እኛ ጋ ሲመጣ

ለተርጓሚና ለጸሐፊ መለኪያው ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፤ የትሮሎፕ 250 ቃል ይበቃል። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ያለቀ ደቂቃ ሊሆን ይችላል። ለሶፍትዌር ሠሪ የኮድ መስመር መቁጠር ጥሩ አይደለም፤ ረጅም ኮድ የተሻለ ኮድ አይደለምና። ለእሱ ስልክ ተዘግቶ የተሠራበት ሰዓት ይሻላል። ዋናው ደንበኛው ቢጠፋም ሊቆጠር የሚችል ነገር መሆኑ ነው።

የደንበኛውን ቀጠሮ መዝገብ ላይ እንዳለ ማስፈርም አይበጅም። ደንበኛው ዓርብ ካለ መዝገቡ ረቡዕ ይበል። ሐሙስ መብራት ቢጠፋ ጉዳዩ የደንበኛው ጭንቀት አይሆንም።

ከባዱ ሥራ የሌለበት ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት ነው ሰው ከልማዱ የሚወጣው፤ አርፍዶ ይነሳል፣ ስልኩን ሲያገላብጥ ይውላል፣ ሥራ ሲመጣ እጁ ቀዝቅዞ ይገኛል። ትሮሎፕ መጽሐፍ በጨረሰ ማግስት ሌላ የሚጀምረው ለዚህ ይመስለኛል። እኛም ለዚያ ሳምንት ቀነስ ያለ ግብ፣ 20 ገጽ እንበል፣ ልንጽፍለት እንችላለን። ለአዲስ ደንበኛ የሚላክ ናሙና ትርጉም፣ ለድርጅቶች የሚጻፍ የማስተዋወቂያ ደብዳቤ፣ ጊዜ አጥተን የተውነው የራሳችን ጽሑፍ ሁሉም ይቆጠራል። ማለዳ የመነሻውም ሰዓት አይለወጥም። የሚቀሰቅስ ሰው መቅጠር ባይቻል በተመሳሳይ ሥራ ላይ ካለ ወዳጅ ጋር በየማለዳው መደዋወል ይቻላል፤ ዓርብ ማታ ደግሞ የሁለቱንም መዝገብ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላላክ።